ያምናው ስልክ ለዘንድሮዋ ሙሽራ

ስልክ ሠሪዎች አዲስ ስልክ በየስንት ጊዜው ማውጣት አለባቸው? ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዲያውም ስለ ስልክ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ወልድያ ውስጥ የእኔን ስልክ ያየ ሁሉ ሐሳቡን በፈገግታ ብቻ ገልጾ ያልፋል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ቢሆንም ይደወልበታል፣ ሲደወል ይነሣል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግልኝ እንደምጠብቅ አላውቅም። ያልተጠየቁትን መመለስ ግን የመምህር አመል ነው፤ እኔ ደግሞ ጠመኔ ስጨብጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

እኛ የወሎ፣ የሀብሩ ተወላጆች የምናውቀው የምርት ጊዜ ሁለት ነው፤ በልግና መኸር። በልጉ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። መኸሩም ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ሰው ፊት ያሳፍራል። የስልክ መኸር ግን አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም፤ ድርቅ አይነካው፣ አንበጣ አይበላው። ሲሪንቃ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ የእርሻ ምርምር ሰዎች አሉላችሁ፤ አንዲት የማሽላ ዘር ለገበሬ ከመልቀቃቸው በፊት ስንት ክረምት አፈር ላይ ሲያዩዋት ይከርማሉ። ቢሳሳቱ ሰው ይራባላ! ስልክ ሠሪው ግን ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውርና፣ ስሙ መጨረሻ ያለው ቁጥር ላይ አንድ ይደምርና «አዲስ መጣ» ይለናል። የፊተኛው አርባው እንኳ ሳይወጣ ተተኪው ይሾማል።

«ታዲያ አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አያገባኝም ነበር። ያገባኝ የእህቴ ልጅ ሲያገባ ነው።

ክንዱ የታላቅ እህቴ የተዋበች ልጅ ነው። ከወልድያ መርሳ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም የማይጣደፍ ሹፌር እሱ ብቻ ነው ይባላል፤ ተሳፋሪ የሚወደውም የሚያማውም በዚሁ ነው። ሰናይትን ያገኛትም እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ቤቷ መርሳ፣ ሥራዋ ወልድያ መድኃኒት ቤት ስለሆነ ጧት ትሳፈራለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች «ኧረ ንዳው!» እያሉ ሲጮሁበት እሷ አንድም ቀን አልጮኸችም አሉ። እኔ በበኩሌ ፍቅር እንዲህ ቀስ ብሎ ሲጀመር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ጥሎሽ ልምጣ። ድሮ ጥሎሽ ቀሚስ፣ ጫማ፣ ጥላ፣ ሽቶና አቅም ከፈቀደ ወርቅ ነበር። ዛሬ ስልክ ተጨመረበት፤ ተጨምሮም አልቀረ፣ ወርቁን ገፍቶ ከፊት ተቀመጠ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሚዜዎች በሙሽሪት ቤት ድንኳን መሐል ይቆሙና ዕቃውን አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ የሙሽሪት ወገን «አላየንም!» ይላል። ሚዜዎቹ ከፍ ያደርጉታል። «አሁንም አላየንም!» ይባላል። ያልታየ ነገር ኖሮ እኮ አይደለም፤ የዕቃውን ስፌት ሳይቀር ያዩት ገና ከሻንጣ ሲወጣ ነው። ጥቂት ከተጨቃጨቁ በኋላ «አየን!» ይሉና እልልታው ይቀልጣል። ለሁሉም ዕቃ «አየን» ካልተባለ ደግሞ ሙሽራዋ ከጓዳ አትወጣም። ጨዋታ ነው። ሁሉም ሰው ጨዋታ መሆኑን እስካልረሳ ድረስ ደግሞ እጅግ የሚያምር ጨዋታ ነው።

ክንዱ ስልኩን የገዛው አምና ነበር። በጊዜው የመጨረሻው፣ ከእሱ በኋላ የሌለ፣ እንደታሸገ የመጣ ስልክ። ተዋበች ተቀበለችውና ከሙሽራዋ ቀሚስ ጋር ሳጥኗ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ሠርጉ ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ተቆርጧል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ከመርሳ እድር ድንኳኑ ተጠይቋል። በዚያው ሳምንት የሰናይት አያት አረፉ።

ለሠርግ የተጠየቀው ድንኳን ለለቅሶ ተተከለ። ለሠርገኛ የተጠነሰሰው ጠላ ለለቀስተኛ ተቀዳ። ክንዱም ሙሽራ ሆኖ ሊገባበት በነበረው ግቢ ውስጥ ወንበር ሲያቀርብ፣ በሚኒባሱ ሰው ሲያመላልስ ሰነበተ። የሰናይት እናት ወይዘሮ የሺ ባላቸውን ካጡ ቆይተው ስለነበር ቤቱን ያቆሙት ከእናታቸው ጋር ነበር፤ ሐዘናቸው ድንጋይ ያስለቅስ ነበር። ከእኛ ወገን አንዳንዱ «አርባው ይውጣና በዝምታ ይጋቡ» አለ። ሌላው «ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ?» አለ። ክንዱ ግን «ሙት ዓመታቸው ሳይወጣ እዚያ ግቢ ከበሮ አይመታም» ብሎ ቁርጡን ነገረን። እኔ አጎት ነኝና «አንተ ልጅ፣ ልታረጅ ነው እኮ!» አልኩት። ዝም አለኝ። ይህ ልጅ በንግግርም አይቀድምም።

መስከረም ጠባ። ሠሪዎቹም እንደ ልማዳቸው ቁጥሩ ላይ አንድ ደምረው አዲሱን አወጡ። ክንዱ ወደ እናቱ መጣና «እማ፣ ስልኩን ስጪኝ፤ ጨምሬ በአዲሱ ልለውጠው» አላት።

«ለሙሽራ ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ ከሳጥን ወጥቶ ገበያ አይሄድም» አለች ተዋበች።

«ስልክ እኮ ነው እማ፣ ያረጃል።»

«ቀሚሱንም ልለውጥልህ? ሙሽራዋንስ?»

በእኛ ዘንድ ለአንዲት ሙሽራ ተብሎ የተቀመጠ ነገር እሷ ሳታየው ከተሸጠ ለትዳሩ አይበጅም ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ የእህቴን ሳጥን ለማስከፈት የተላከ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ ተሳክቶለት አያውቅም። ስልኩ ቀሚሱ ሥር እንደተኛ ከረመ።

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ፣ ሠርጉ ደረሰ። የመርሳን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ በጥርም ትፋጃለች። ድንኳኑ ጢም ብሏል። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ድስት ለየብቻ ተጥዶ ሰዉ አንድ ላይ ተቀምጧል። በሽማግሌነት መሐል የተቀመጡት ሼህ ይማም ናቸው፤ ከወይዘሮ የሺ ቤት ፊት ለፊት ስንት ዘመን የኖሩ፣ የሁለቱም ወገን ዳኛ። በሙሽሪት አባት ቦታ የቆሙት የአባቷ ወንድም አቶ መንግሥቱ ሲሆኑ፣ አጠገባቸው ልጃቸው ቢኒያም አለ። ቢኒያም ወልድያ መናኸሪያው አካባቢ ስልክ ይሸጣል። ይህን በጊዜው እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በወንዱ ወገን ተናጋሪው ደግሞ እኔ ነኝ፤ መምህር አፍ አያጣም ተብሎ።

ቀሚሱ ተነሣ፤ «አላየንም» ተባለ፤ ከፍ አለ፤ ታየ። ጫማው ታየ። ወርቁ ትንሽ አከራከረና እሱም ታየ። እኔም አፌ ተፍታታና እዚህም እዚያም ቀልድ ጣል ማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ ሚዜው ስልኩን ከነካርቶኑ አነሣ።

«አላየንም!»

ከፍ አደረገው።

«አሁንም አላየንም!» አለ ቢኒያም፤ ብድግ ብሎም ካርቶኑን ከሚዜው እጅ ተቀበለ። አገላብጦ ጀርባውን አነበበ። የነጋዴ ዓይን ነገር!

«ይሄማ ያምናው ነው!»

ጀምራ የነበረች እልልታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። መጀመሪያ የጨዋታው አካል መስሎን ሣቅን። ቢኒያም ግን አልሣቀም። «አዲሱ ከወጣ ስንት ጊዜው! ይሄ ከሱቅ ተርፎ የከረመ ነው» አለ። አቶ መንግሥቱ ፊታቸው ጠቆረ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅቷ አባት የላትም ብላችሁ ነው?» ይህ ከመጣ ወዲያ ጨዋታ የለም። ከኋላ ወንበር ላይ «ትራፊ» የምትል ቃል ስታልፍ ሰማሁ።

አሁን እናንተ «አምና ነዋ የተገዛው፤ ሠርጉ አምና ነበራ፤ ይህን መናገር ምን ያቅታል?» ትላላችሁ። ያቅታል። በሠርግ ድንኳን ሞት አይጠራም። ያውም በወንዱ ወገን አፍ! «ስልኩ ያረጀው እናንተ ስለሞታችሁብን ነው» ብሎ አማት ቤት የሚናገር ሰው ካለ ያሳደገው ይፈር። ክንዱ ሙሽራ ነውና አይናገርም፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ተዋበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እኔን ታየኛለች። ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን፣ ሁላችንም ውጠነዋል።

ስለዚህ ያው በአፌ ተማመንኩ። «ወገኖቼ!» አልኩ። «ደህና ነገር ሲቆይ ይበስላል እንጂ አይበላሽም። ጠጅን ተመልከቱ...»

«ጋሼ፣ ጠጅ ባትሪ የለውም» አለኝ ቢኒያም።

ድንኳኑ በሣቅ ፈረሰ። የእኛ ወገንም ሣቀ። የገዛ ሚስቴ ስትሣቅ አይቻታለሁ። አልፈርድባትም፣ የሌላ ሰው አጎት ቢሆን እኔም እሥቅ ነበር።

ቢኒያም ከሣቁ በኋላ ለስለስ ብሎ «አዲሱ እኮ እኔ ሱቅ አለ» የምትል ነገር ጣል አደረገ። አንዱ ሚዜ ወልድያ ደርሶ ይዞት ለመመለስ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ፀሐይዋ ግን ወደ ምዕራቡ ተራራ እያዘነበለች ነበር፤ በእኛ መንገድ ደግሞ ከመሸ በኋላ ሠርግ ይዞ የሚጓዝ የለም። ስልኩ ቢለወጥ ጀምበር ልትጠልቅ ነው፣ ባይለወጥ «አየን» አይባልም፣ «አየን» ካልተባለ ሰናይት አትወጣም። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀ ልጅ ደጃፉ ላይ ሊቀር ነው።

ሼህ ይማም እጃቸውን አነሡ። «አብሽሩ፣ አብሽሩ ጀመዓው! አጃኢብ እኮ ነው፤ ስልክም እንደ ሰው ዕድሜው ይጠየቅ ጀመር?» አሉ። ሰዉ ትንሽ ረገብ አለ። እሳቸውም ነገሩን ያውቁታል፣ ዓይናቸው ያስታውቃል፤ ግን ከዚያ በላይ አልሄዱም። ያቺን ነገር ለማንሣት ሼህ መሆንም አይበቃም።

በዚህ መሐል ከጓዳ በኩል ያለው መጋረጃ ተገለጠና ወይዘሮ የሺ ወጡ። የሙሽራ እናት በጥሎሽ ሰዓት ድንኳን ውስጥ አትገባም፣ ጓዳ ሆና ትሰማለች እንጂ። እሳቸው ግን እጃቸው በርበሬ እንደነካው መጡ። ከለቅሶው ወዲህ ነጭ ልብስ ለብሰው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ቢኒያም፣ እስቲ አምጣው» አሉ።

ሰጣቸው። «እትዬ የሺ፣ ያምናው ነው፤ ቁጥሩን እዩት...»

«ያምናው ነው?»

«አዎ።»

«አምና በዚህ ሰሞን ይሄ ድንኳን የተተከለው ለማን ነበር?»

ቢኒያም መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ለእናቴ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ይሄ ልጅ ይሄን ገዝቶ፣ ጠላው ደርሶለት፣ ነገ ወሰድኳት ሲል እናቴ ሞተችብኝ። አርባ ሲወጣ ጠበቅሁት፣ ሽማግሌ ልኮ ያጣድፈኛል ብዬ። አልላከም። ፋሲካ ሲያልፍ ጠበቅሁት። አልላከም። ሲመጣ ውኃ ቀድቶልኝ፣ ያዘመመ አጥሬን አቅንቶልኝ ይሄዳል። ጥቁሬን በገዛ እጄ እስካወልቅ ድረስ አንድ ቀን 'ቶሎ በይልኝ' አላለኝም። ስልኩ ያረጀው እኔን ሲጠብቅ ነው፣ መንግሥቱ። አንተ አባት የላትም ብለው ነው አልክ፤ ለእኔ ሐዘን እንዲህ የታገሠ ሌላ ማን አለ?»

ወይዘሮ የሺ ካርቶኑን ከራሳቸው በላይ አነሡት፤ የበርበሬ ጣታቸው ነጩ ካርቶን ላይ ታትሟል።

«እኔ አየሁት!»

ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ልላችሁ ነበር፤ አልገባም፤ አለቀስኩ። መጀመሪያ እልል ያለችው ተዋበች ናት፤ ሥርዓቱ የሙሽሪት ወገን እንዲጀምር ቢያዝም ማንም አላረማትም። ከዚያ «አየን! አየን!» ድንኳኑን ሞላው። አቶ መንግሥቱም አሉ፣ ቢኒያምም ከሁሉ በላይ ጮኾ አለ። ሼህ ይማም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ እኔ የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው። «አላህ የሚያረጅ ትዳር ይስጣችሁ!» አሉ። ሙስሊሙም «አሚን»፣ ክርስቲያኑም «አሜን» አለ። ሰናይት ወጣች። ጀምበር ሳትጠልቅ ወልድያ ገባን። የሠርጉን መኪና ሲመራ የነበረው የክንዱ ጓደኛ ነው፤ ክንዱ ራሱ ነድቶ ቢሆን ኖሮ መሽቶብን ነበር።

ስለዚህ ሠሪዎቹ በየስንት ጊዜው ያውጡ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ባትጠይቁኝም፣ መልሴ ይኸው፦ ደስ ካላቸው በየሳምንቱ ያውጡ። መብታቸው ነው፤ እነሱም ልጆች ያሳድጋሉ። እንደው ምክር ከሰሙ ግን ከጥምቀት በፊት አውጥተው እስከሚቀጥለው ጥር ቢያርፉልን የአገር ሽማግሌ ሁሉ ያመሰግናቸዋል። ባይሰሙም ግድ የለም። እኛ እንደሆንን ለቅሶ ሳናወጣ ሠርግ አንደግስም፤ ሰልፉን እነሱ ይቅደሙት።

ሰናይት ያን ስልክ እናቷ ሳያዩ አልከፍተውም ብላ እስከ መልሱ ድረስ ካርቶኑን አልነካችውም። ለመልሱ መርሳ ስንገባ ቢኒያም በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የስልኩን መስታወት መከላከያ ይዞ መጥቷል፣ በስጦታ፤ ሳይናገር የቀረበ ይቅርታ መሆኑ ነው። በዚያው የእኔን ስልክ ከእጄ ወስዶ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና «ጋሼ፣ እርስዎስ ማንን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። በዚህኛውም ሣቁብኝ።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ወጣ። ከተዋበች ሳጥን የያዘው የናፍታሊን ሽታ ቤቱን አወደው። ቢኒያም መከላከያውን በጥንቃቄ ለጠፈ፣ ቻርጅ ላይ ሰካው፣ ቁልፉን ተጫነ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ከበብነው፤ ወይዘሮ የሺ ከፊት፣ አቶ መንግሥቱ ከኋላ። መስታወቱ በራ። ከዚያ ስልኩ ከተሠራ ወዲህ ብዙ ነገር እንደተለወጠ፣ ያን ሁሉ ከኔትወርክ ማውረድ እንዳለበት አስታወቀን፤ የመርሳ ኔትወርክ ደግሞ የዚያን ዕለት ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። አንዲት ቀጭን መስመር መስታወቱ ላይ ታየችና ቆመች። ከሥሯ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል።

ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ቢኒያም «ይሄ እንኳ ዛሬ አያልቅም» አለ። አንድ በአንድ ወደ ድንኳኑ ተመለስን። እኔ በሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ክንዱ ወንበር ስቦ ስልኩ አጠገብ ተደላድሎ ሲቀመጥ አየሁት። ሰናይትም ሁለተኛ ወንበር ይዛ መጣች።